ፀሐዩ ያከስልሻል

ኖያ ጉልበቷን መፈግፈጓን አላቆመችም። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቆልፋ፣ ቧንቧውን ለቃ፣ እናቷ ድስት የምታጥብበትን አረንጓዴ ስፖንጅ ይዛ ተቀምጣለች። ቆዳዋ መጀመሪያ ነጣ ሲል ደስ አላት። ቀጥሎ ቀላ፤ ከዚያ ደማ።

"ኖያ፣ ክፈችልኝ እንጂ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ትሠሪያለሽ?"

እናቷ ብዙዓየሁ ከሥራ መግባቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ እግሯ አብጧል። በሩ ሲከፈት ለቁጣ የከፈተችው አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እማ።"

"በድስት መፈግፈጊያ? የገዛ ገላሽን?"

ኖያ አንገቷን ደፋች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሆዷን በሆዷ መያዝ ገና አልለመደችም።

"ነገ አብረውኝ ከሚማሩት የክታዬ ልጆች ጋር ያም ልንዋኝ እንሄዳለን። ኢናቭ ሁሉም እየሰሙ፣ 'አንቺ ደግሞ ፀሐይ ምን ያደርግልሻል? አንዴ አርረሻል' አለችኝ። ሳቁብኝ።"

"ይቺ ባለጌ! ለአስተማሪሽ ነው የምነግርላት። ሰው እንዴት አረረ ይባላል?"

"አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

"ከቤት በወጣሁ ቁጥር 'ጥላ ጥላውን ሂጂ፣ ፀሐዩ ያከስልሻል' ትይኛለሽ። መክሰል ጥሩ ቢሆን ትይኝ ነበር? ማታ ማታ ፊትሽን የምትቀቢው ማቅያ ቅባትስ?"

እውነቱን ለመናገር፣ በጎንደር ገጠር ይህን የማትል እናት ማግኘት ይከብዳል። ለብዙዓየሁም እናቷ ብላታለች፤ ለእናቷም አያቷ። "ብርድ እንዳይመታሽ" እንደማለት ያለ የፍቅር ቃል ነበርና ማንም አንሥቶ አልመዘነውም። ከአገር ወጥተው በሚኖሩባት በናታንያ ከተማ ግን ከኢናቭ ሳቅ ጋር ተገናኘና በልጅ ገላ ላይ ቁስል ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለዚህ ነው።

ብዙዓየሁ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ኖያ ደነገጠች።

"ዳይ፣ እማ፣ በቃሽ። ብዙም አያመኝም" አለቻት። በጣም ያማት ነበር።

እናቷ ቁስሉን ቫዝሊን ቀባችላትና ምንም ሳትናገር አስተኛቻት። ምነው አንድ ቃል በተናገረች፤ ኖያ ስትጠብቅ የቆየችው እሱኑ ነበር።

በማግስቱ ልጆቹ ባሕሩ ውስጥ ሲንጫጩ፣ ኖያ ረጅም ሱሪና እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ለብሳ ጃንጥላው ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። እኩለ ቀን ላይ ቀና ስትል፣ እናቷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ባሕሩ ዳር ካለው ገደል አናት፣ ከምትሠራበት ሆቴል በደረጃው ስትወርድ አየቻት። ጭንቅ ያዛት። አሁን ኢናቭን በሰው ፊት ልትቆጣት ነው፤ ያውም በአማርኛ።

ብዙዓየሁ ግን ወደ ኢናቭ ዞር ብላም አላየች። ጥላው አጠገብ ደረሰች፤ አልገባችም። የጋለው አሸዋ ላይ ተቀመጠች። በበጋ ከራሷ ወርዶ የማያውቀውን ሰፊ ባርኔጣ አውልቃ፣ ሻሿን ብቻ አስቀርታ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

"እማ፣ ጥላ ግቢ። ፀሐዩ ያከስልሻል" አለች ኖያ፣ ሳታስበው።

"ያክስለኝ።"

ከዚያ ብዙዓየሁ ባሕር ባሕሩን እያየች ተናገረች።

"ገላሽ ቆሻሻ አይደለም፣ ልጄ። የሚፈገፈግ ነገር የለውም። የኔም የለውም።"

"ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?"

"እኔስ መቼ አውቄው?"

የእረፍት ሰዓቷ አለቀ። ከልብሷ ላይ አሸዋውን አራግፋ፣ ባርኔጣውን ኖያ ጭን ላይ አድርጋ፣ በዚያ ሐሩር ደረጃውን ወጣች።

ኖያ ባርኔጣውን እያገላበጠች ቆየች። ኢናቭ ከውሃው ውስጥ አየቻትና አጠገቧ ላለችው ለሻሃር የሆነ ነገር ሹክ አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ኖያ ቃሉ ባይሰማትም ምን እንደሆነ አላጣችውም። ነዪ እንጫወት ያላት አንድም ልጅ አልነበረም።

ሱሪዋን ከቆሰለው ጉልበቷ በላይ ጠቀለለች። ባርኔጣውን ጥላው ውስጥ አስቀመጠችና እናቷ ተቀምጣበት የነበረው የጋለ አሸዋ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።