አጎቴ የፈተኑት ካርድ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል። ከአራት ዓመት በፊት በደረሰባቸው የመኪና አደጋ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠና ቤት ዋሉ። ጠያቂ ሲመጣ ስለ አየሩ ያወራሉ እንጂ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አይሉም።

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። አንድ ቀን በክራንች ሱቄ ድረስ መጥተው፣ «የመኪና መንዳት ጌም የሚያጫውት ማሽን ሥሪልኝ። ውድ አይሁን፤ ረክሶም አያናድደኝ» አሉኝ።

ምስሉን የሚያወጣውን ክፍል፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ግራፊክስ ካርድ ገጠምኩ። የጌሙን መሪ የሱቄ ጠረጴዛ ላይ አስሬ፣ ፔዳሉን በቀኝ እግራቸው በኩል አደረግኩላቸው። ካርዱ በሰከንድ ሰባ ምስል ያወጣል፤ ሙቀቱ ልከኛ ነው፤ ማራገቢያውም አይጮህም።

«ይበቃዎታል፣ ጋሼ።»

«ቆይ እስቲ» አሉ ጥቂት ነድተው። «ከኋላ ያለው መኪና መስታወቱ ላይ እየዘለለ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ መስታወት ሰው ያስጨርሳል።»

ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው። ሰባ የሚለው አማካይ ቁጥር የሸፈነውን የሾፌር ዓይን ያዘው። የመስታወቱን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ ሳደርገው ተስተካከለ።

አንድ ፈተና ቀረኝ። ለካርድ ከባዱ ዝናብ ነው፤ ጠብታውም ነጸብራቁም ያደክመዋል። ሳላስበው ዝናቡን ለቀቅኩት።

የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ካርዱ የደከመ መስሎኝ ቁጥሩን አየሁ፤ ስልሳ ላይ ነው። ቀና ስል አጎቴ መኪናውን ዳር አስይዘው አቁመውታል። መሪውን ግን አልለቀቁም።

«ያን ቀንም ዝናብ ነበር፤ ፍሬን ረገጥኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ጎማው ከዳኝ። ባልደረባዬ ጎኔ ተኝቶ ነበር፤ የመንዳቱ ተራ የኔ ነበር። እንደተኛ ቀረ።»

በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ዝናቡን ላጠፋ እጄን ስሰድ፣

«ተይው። ካርዱ ቻለው?» አሉ።

«ችሎታል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ልጨርሰው።»

ፍሬቻ አብርተው ወደ መንገዱ ገቡ። ለፈተናው አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በጌሙ የጫኑትን ጭነት እስኪያደርሱ አንድ ሰዓት ነዱ። የመጣውን ደንበኛ «ነገ ና» ብዬ መለስኩና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ማሽኑን ቤታቸው ተከልኩላቸው። ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ደወለች፤ ወንድሟ የሟች ባልደረባቸውን ሚስት ሊጠይቁ ሄደው፣ እስኪመሽ እዚያው እንደዋሉ ነገረችኝ።