ሠላሳ ሦስት በቀይ ቀለም

ሐሙስ ማታ ከቤት ስወጣ በአንድ ነገር እርግጠኛ ነበርኩ። የዚያን ዕለት በመጋዘኑ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ዲጄ አይኖርም። ይህን የምለው ለመኮፈስ አይደለም፤ መኮፈስ ቢያምረኝ ኖሮ በሮተርዳም በሙሉ እል ነበር።

መጋዘን የምንለው ከወንዙ በስተደቡብ ያለውን፣ ድሮ እህል ይራገፍበት የነበረውን የጭፈራ ቤት ነው። ባለቤቱ ኮር ይባላል። የቅዳሜ ማታው ዲጄ ሥራ ስለለቀቀ ኮር በምትኩ ሁለት ሰው አጨ፤ አንዷ እኔ ሻንታል ነኝ፣ ሌላው ሩበን። ሩበን የአምስተርዳም ልጅ ነው፤ የሁለቱ ከተማ ሰው ደግሞ አይዋደድም። ለእኛ ሰፈር ሰው ይህ ብቻ ቢነገረው ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ ኮር ግን ወገን አይለይም። “ሐሙስ ሁለታችሁም አርባ አርባ ደቂቃ ትጫወታላችሁ። ወለሉ ያልቆመበት ቅዳሜን ይወስዳል” አለን። ወለሉ ቆመ የሚባለው ሰው መደነስ ሲያቆም ነው። በእኛ ሙዚቃ መደነስ ያቆመ ሰው ሌላ የሚሠራው ነገር የለውም። ማውራት አይችልም፣ መስማትም አይችልም፣ ጃኬቱን ይዞ ይወጣል።

እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማሸጊያ ቤት ውስጥ ቲማቲም እደረድራለሁ። ሴት ዲጄ የሚያስገባ ቤት በከተማው ውስጥ ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ቅዳሜን ካጣሁ ከቲማቲሙ ጋር እንደምቀር አውቀው ነበር።

ግን አልፈራሁም፤ አንዲት የሙዚቃ ሸክላ ነበረችኛ።

አባቴ አሪ የኮንክሪት ምሰሶ መሬት ውስጥ የሚሰኩ ሠራተኞች አለቃ ነው። የእኛ አገር አፈር እንደ ገንፎ የለሰለሰ ስለሆነ ያለ ምሰሶ የቆመ ቤት የለም። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአራት ቶን መዶሻ ሥር ቆሟል። ጆሮው ከግማሽ በላይ ሄዷል። በመጋቢት ወር መቅረጫ ይዤ ሥራ ቦታው ሄድኩና የመዶሻውን ድምፅ ቀዳሁት። ከዚያ ወር ሙሉ ፎቅ ላይ ክፍሌ ውስጥ ተዘግቼ ዱም ዱም የሚል፣ ደረት የሚመታ ዘፈን አደረግኩት። አንድ ሽማግሌ በአንዲት ሸክላ ላይ ቀረጸልኝ። በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የለውም።

አንድ ነገር ላስረዳ። ሸክላ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ወይም አርባ አምስት ጊዜ እየዞረ ነው የሚጫወተው። የእኛ ከተማ ዲጄ ሁሉ ግን የሠላሳ ሦስቱንም በአርባ አምስት ያጫውተዋል፤ ለእኛ ያልፈጠነ ዘፈን ዘፈን አይደለም። የማጫወቻው ቁልፍ አርባ አምስት ላይ እንደተጫነ ከርሞ ማንም አይነካውም። የእኔ ዘፈን ግን ሲሠራም የፈጠነ ስለሆነ በሠላሳ ሦስት ብቻ ነው መጫወት ያለበት። ለዚህ ነው ሸክላዋ ላይም ሽፋኗ ላይም በቀይ ቀለም በትልቁ 33 ብዬ የጻፍኩት።

የዚያን ሐሙስ ራት ላይ አባቴ የአተር ሾርባውን እየጠጣ ሽፋኗን አገላበጠ።

“ይሄ ቀዩ ምንድነው?” አለኝ። አሪ ሲናገር ይጮሃል፤ የእሱ ጆሮ ስለደከመ የሁላችንም የደከመ ይመስለዋል።

“ሠላሳ ሦስት ነው። ፍጥነቷ።”

“ታዲያ ይሄን ያህል ማስገዘፍ ምን አመጣው?”

“አንዱ ጅል በአርባ አምስት እንዳያጫውታት ነዋ።”

ራሱን ነቀነቀ። “እኛም ጋ ሁሉም ነገር በትልቁ ነው የሚጻፈው። ለጅል ሲባል።” ሾርባውን ፉት አለና ቀጠለ፤ “እዚያ የሚጨፍሩት ልጆች ራሳቸውን ኻበር ነው የሚሉት አሉ?”

“አዎ፣ ኻበር ነን።”

“ኻበር የእኔ፣ የሠራተኛ ቃል ነው፤ ጓደኛ ማለት ነው። ኻበር ማለት አንቺ ከሥር ቆመሽ አራት ቶን ከላይ ሲወርድ ገመዱን የያዘልሽ ሰው ነው። ተላጭቶ ቱታ ያጠለቀ ሁሉ ኻበር አይባልም።”

“መጥተህ ንገራቸዋ፣ አባዬ።”

ለማሾፍ ነበር ያልኩት። እሱ ግን ማንኪያውን አስቀመጠ። “እመጣለሁ። ወር ሙሉ ሾርባዬን ስታንቀጠቅጥብኝ የከረመችውን ነገር ልያት።”

መጣም። የሠርግና የቀብር ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሁለት ሜትር የሚሆን ሰው ነው፤ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ “አያ፣ የሽማግሌዎቹ የቢንጎ ጨዋታ ቤት ሁለት በር ወረድ ብሎ ነው” አለ።

“ምን አለ?” አለኝ አባቴ።

“እንኳን ደህና መጣህ አለህ።”

“ጨዋ ልጅ ነው” አለና ጨብጦት ገባ። የጆሮ መድፈኛ ሲሰጡት፣ “ምን ተርፎኝ ነው የምደፍነው?” ብሎ መለሰ። ከወለሉ ዳር ያለው የኮንክሪት ዓምድ ጋ ሄዶ መዳፉን አሳረፈበት። ዓምዱን መታ መታ አድርጎ አየው። የወደደው ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ከእሱ ብዙም አልራቀም።

የማጫወቻው መድረክ ላይ ስወጣ ሩበን ከሸክላ ሣጥኑ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር።

“ቲማቲሟ መጣች” አለ። “ከአንቺ ቀጥሎ ነኝ። እስከዚያ ሰው እንዳታስተኚብኝ።”

“ከትልቁ ከተማ ድረስ ልታዳምጠኝ መምጣትህ ደስ ብሎኛል” አልኩት። “ወደ ቤትህ የሚመልስህን የመጨረሻ ባቡር ሰዓት ጠይቀሃል?”

ሳቀ። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ችግሩ የትውልድ ቦታው ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንዳልኩት ሆነ። ጓደኛዬ ፔጊ ከፊት መሐል ላይ ቆማለች፤ የራሷ ጎንና ጎን ተላጭቶ፣ የቀረው ፀጉሯ እላይ ተቋጥሮ። ፔጊ ስትደንስ ጉልበቷ እንጂ ወገቧ አይሠራም፤ እግሯ ወደ ፊት እየተፈናጠረ ይመለሳል፣ ክንዷ አየሩን ይከረክማል። እሷ የጀመረችውን ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይከተላል። ስድስት መቶ ሰው ማስቲካ እያላመጠ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ እንደ አንድ እግር ይረግጥ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ደስታዬን የት እንደማደርገው አላውቅም። አሥር ደቂቃ ሲቀረኝ ሸክላዬን አወጣሁ።

ዲጄ የሚቀጥለውን ሸክላ አስቀድሞ በማዳመጫ ይሰማዋል። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቃል። እኔ ግን የራሴን ሥራ አስቀድሜ መስማት ክብሬን የሚነካ ሆኖ ታየኝ። ያለፈውን ዘፈን ጨርሼ ዘጋሁት፤ ቤቱን ለአፍታ ጸጥ አሰኘሁት። ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ። መርፌውን አወረድኩ።

የወጣው ድምፅ የአባቴ መዶሻ አልነበረም። የልብስ ስፌት መኪና ነበር። ትርርርር እያለ ይሄዳል። ሰው ሁለት ሦስት እርምጃ ሊከተለው ሞከረ፣ እግር ከእግር ተጋጨ፣ ሳቅ ተሰማ። ፔጊ እጆቿን በአፏ ዙሪያ አድርጋ ወደ ላይ ጮኸች።

“ሻንታል፣ እኔ ያለኝ ሁለት እግር ብቻ ነው!”

“የት ሊደርስ ነው የሚሮጠው?” አለ ሩበን ከጀርባዬ። “ባቡሩ ያመለጠው እኔን ነው ወይስ እሱን?”

ወለሉ ቆመ። በደንብ ቆመ። ከኋላ ያሉት ወደ ጃኬት መስቀያው መዞር ጀመሩ፣ ኮርም ከመጠጥ ባንኮኒው ጥግ ሆኖ የሚያላምጠውን ስንጥር ከአፉ አወጣ። የፍጥነት ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ሳብኩት፤ እሱ ግን የሚቀንሰው ትንሽ ነው፣ ምንም አልለወጠም። ሽማግሌው አበላሽቶ ቀርጾልኛል ብዬ በልቤ ሰደብኩት። ጥፋቱን በሁሉም ሰው ላይ ፈልጌ ነበር፣ ከራሴ በቀር። ቅዳሜዬ ዓይኔ እያየ ሲሄድ ተሰማኝ።

ያኔ ነው አባቴን ያየሁት።

ልጅ ሆኜ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ስለማይኖረን ሥራ ቦታው እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። መዶሻው ሲሠራ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ አባቴ ማሽኑ ላይ ካለው ሰው ጋር የሚነጋገረው በእጁ ነው። መዳፉን ዘርግቶ ወደ ታች ሲጫን ቀስ በል ማለት ነው። ቁጥር ሲሆን በጣቱ ያሳያል። አሁንም ከዓምዱ ተላቅቆ፣ በቆሙት ሰዎች መካከል ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መዳፉን ወደ ታች እየተጫነ ነበር። ቀስ። ቀስ። በጆሮው ሰምቶ አይደለም። ያ ዘፈን ወር ሙሉ በሾርባው ሳህን ውስጥ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃል፤ አሁን በጫማው በኩል የመጣው እሱ አልነበረም።

ቀጥሎ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ሦስት ጣት አሳየኝ። ጨበጠውና እንደገና ሦስት ጣት።

ሸክላዋን አየሁ። የራሴ ቀይ ጽሕፈት ፊቴ ላይ እየዞረ ነበር። ቁልፉን አየሁ። አርባ አምስት።

ሠላሳ ሦስትን ተጫንኩ።

ማጫወቻው ወዲያው አይታዘዝም፤ እየጎተተ ነው የሚወርደው። የስፌት መኪናው ድምፅ ረዘመ፣ ወፈረ፣ ወደ ሆድ ወረደ። ሰው ግራ ተጋብቶ እንደቆመ የመጀመሪያው ምት በልኩ አረፈ። ዱም። የአራት ቶን መዶሻ በኮንክሪት ራስ ላይ። ሁለተኛው ሲያርፍ የፔጊ ጉልበት ተነሣ። በአራተኛው ቤቱ በሙሉ ተነሣ፤ ጃኬቱን የያዘውም ከነጃኬቱ ተመለሰ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲረግጥ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አባቴ ወደ ዓምዱ ተመልሶ መዳፉን አሳረፈበት፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። እንደ ሥራ ቦታው ምቱን እየቆጠረ ነበር።

ሩበንም ጥሩ ተጫወተ፣ አልዋሽም። ወለሉ አንዴም አልቆመበትም። ሲጨርስ ኮር ሁለታችንንም ከመድረኩ ኋላ ወዳለው ኮሪደር ጠራን። አባቴም ሽፋኗን በእጁ እንደያዘ ተከትሎኝ ገባ።

“ደንቡ ወለሉ እንዳይቆም ነበር” አለ ኮር። “ያንቺ ቆሟል። ሆን ብለሽ አስቁመሽው ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሆን ብለሽ ነው?”

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አባቴ ግን አፌን እያየ ነው፤ እሱ የሚሰማው ከንፈር አይቶ ነው። በሥራ ጉዳይ እሱ እያየ ዋሽቼ አላውቅም።

“ስህተት ነው” አልኩ። “ቁልፉን አላየሁትም። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውንም አይተሃል። ያን የሚያደርግ ሸክላ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።”

ኮር ወደ አባቴ ዞረ።

“እጅህን ስታወዛውዝ የነበርከው አንተ ነህ አይደል? እሷ ስህተት ነው ትላለች።”

“ምልክት ሰጠሁ፣ ተቀበለች” አለ አባቴ ኮሪደሩን በሚሞላ ድምፅ። “ምሰሶ ሲያዘነብል እንዲህ ነው የሚቃናው። እኛ ጋ ይሄ ሥራ ነው የሚባለው።”

ኮር ስንጥሩን አላመጠ። “ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው መጥቶ ያ ነገር ድጋሚ መቼ ነው ብሎ ጠይቆኛል” አለ። “የሩበንን ማንም አልጠየቀም፤ ይቅርታ፣ ሩበን። ቅዳሜ ያንቺ ነው። እንደዛሬው አድርጊው፣ ስህተቱንም ጭምር።” ከዚያ በአውራ ጣቱ ወደ አባቴ አመለከተ። “ይሄ ሰውዬ ግን ማን ነው? በር ላይ በምን ስም ላስገባው?”

“አባ...” ብዬ ጀመርኩ።

“ኻበሯ ነኝ” አለ አሪ።

ስድስት መቶ ሰው ፊት ያልፈሰሰው እንባዬ እዚያ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ መጣ፤ ሩበን እንዳያይብኝ ሣጥኔን ለማንሣት ጎንበስ አልኩ።

ወንዙን ዳር ዳር ይዘን በእግር ተመለስን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አባቴ ሽፋኗን ሰጠኝና በመንገድ መብራቱ ሥር በጣቱ ቀዩን ነካው።

“ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ይሄን ከፍ አድርገሽ ጻፊው” አለኝ። “እዚያ ቤት አንዲት ጅል አለች።”