ፊተኛው ሲጎርስ ኋለኛው ሲወፍር

«ጵጵ! ጵጵ! ጵጵ!»

የሞተር ሳይክሉ መሪ ላይ የተለጠፈችው፣ የክብሪት ቀፎ የማታህል መሣሪያ ሙት በሚቀሰቅስ ድምፅ ጮኸች። ሙሚን ፍሬኑን ያዘ። ከኋላው የተቀመጠችው ሚስቱ ናዒማ በደህናው እጇ ወገቡን ጨመደደችው።

«ምንድን ነው? ደግሞ ጎማ ነው?»

«አይዞሽ! ፊተኛው ነፋስ አንሶታል እያለችን ነው። አየሽ ናዒማዬ? ጎማው ሊተነፍስ ገና ሲያስብ ታውቅበታለች!»

ሙሚን የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ካርቲየ አንድ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል። እዚህ ከገባ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በራሱ አፍ ሲቆጠር ግን አርባ ሊደፍን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ናዒማን ከኋላ አስቀምጦ ሲነዳ ባሕሩ ዳር የኋላ ጎማው ተንፍሶ ወደቁ። እሱ አቧራውን አራግፎ ተነሣ፤ የእሷ ግን የቀኝ እጅ አንጓዋ ተሰብሮ ብረት ገባበት። ጎማውን ወጋው የተባለው ምስማር በሙሚን ወሬ ውስጥ በመጀመሪያው ወር ጣት ያህል ነበር፤ ዘንድሮ የመርከብ መልሕቅ አክሏል።

ናዒማ ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ዛሬ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ራስ ዲካ ያለው ሐኪም ብረቱን ሊያወጣላት ቀጥሯታል። ሙሚን ሳምንቱን ሙሉ «ወላሂ፣ ይቺ መሣሪያ እያለች መውደቅ ብንፈልግ እንኳ አንችልም» እያለ ሲምል ሰንብቶ ነው ዛሬ ያስቀመጣት። ከቤት ከወጡ ገና አራት ደቂቃቸው ነው።

መሣሪያዋ ሁለት ጥቁር ክዳኖች አሏት። በየጎማው የነፋስ መሙያ አፍ ላይ አንድ አንድ ይጠመዘዛሉ፤ ግፊቱን ለክተው ይልኩላታል። እሷም የፊተኛውን ከላይ፣ የኋለኛውን ከታች ትጽፋለች። አሁን ከላይ አሥራ ስምንት፣ ከታች ሠላሳ ሁለት ትላለች።

የቆሙት ከጎሚስታው ከባንቲሁን በር ላይ ነበር። ባንቲሁን ካርቲየ ሁለት ውስጥ በአንድ ሸራ ጥላ ሥር ጎማ ይጠግናል። ነፋስ የሚለካው በአውራ ጣቱ ነው።

«ጋሽ ሙሚን፣ ልይልዎት?»

«አንተ በጣትህ የምታውቀው ድንች መብሰሉን ነው! ፖምፓውን ብቻ አቀብለኝ።»

ሙሚን የፊተኛውን ክዳን ፈትቶ ነፋ። ሠላሳ ጊዜ ነፋ፤ ሲያወራው ሦስት መቶ ይሆናል። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ድንጋይ የሚያቀልጥ ነው፤ ላቡ የቀይ ባሕርን ውኃ በአንድ ክንድ ከፍ አደረገው። ክዳኑን መልሶ ጠመዘዘና ቀና አለ።

ከላይ አሥራ ሰባት። ከታች አርባ።

«አቦ!»

«ምን አለች?» አለች ናዒማ።

«እያሰበች ነው።»

ደግሞ ነፋ። ከላይ አሥራ ስድስት፣ ከታች አርባ ስምንት። ጵጵታው አልቆመም።

«ፊተኛውን ስታጎርሰው ኋለኛው ይወፍራል እንዴ?» አለች ናዒማ።

«ነፋሱ በሻንሲው ውስጥ እያለፈ ወደ ኋላ ይሄዳላ! ዘመናዊ ሞተር እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ይህን ዘመናዊ ሞተር የገዛኸው ልጃችን ኢማድ ሳይወለድ ነው። ኢማድ አሁን ጢም አውጥቷል።»

ባንቲሁን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጎንበስ አለ። ፊተኛውን በአውራ ጣቱ ጫን፣ ኋለኛውን ጫን አደረገ።

«ጋሽ ሙሚን፣ ፊተኛው ድንጋይ ሆኗል፤ ከዚህ በላይ ቢነፉት ይፈነዳል። እንደ ቡኮ የለሰለሰው ኋለኛው ነው።»

«ከሳተላይት ጋር በምትነጋገር መሣሪያ ፊት ጣትህን ትቀስራለህ?»

ብሎ ራሱ ተጫነው። ፊተኛው እውነትም ድንጋይ ነው። ኋለኛው ጣቱን ዋጥ አደረገው። ማሳያዋን አየ፤ ተቃራኒውን ትላለች። ጣቱን አየ። ዓለም በጭንቅላቷ የቆመች መሰለው። የሞተሩ ፊት በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ተጠራጥሮ ዞር ብሎ መብራቱን ፈለገ፤ መብራቱ በቦታው ነበር።

ባንቲሁን የኋላውን ጎማ እያሽከረከረ ምራቁን በጣቱ ቀባ አደረገበት። አንድ ቦታ ላይ አረፋ ወጣ። «ይኸውና፣ ብሎን ወግቶታል። ሩብ ሰዓት ይበቃኛል።»

ናዒማ ብረት ያለበትን አንጓዋን በሌላው እጇ አቀፈች። «እኔ ታክሲ እጠራለሁ።»

ሙሚን ሊያስቀራት አፉን ከፈተ። እጁ ግን እንደ ልማዱ የሸሚዙን ኪስ ዳበሰ፤ በዚያው ደርቆ ቀረ። ማታ ማታ ሌባ እንዳይወስዳቸው ክዳኖቹን ፈትቶ በዚህ ኪስ ነው የሚያሳድራቸው፤ ጠዋት ይገጥማቸዋል። የፊትና የኋላ ብለው የሚለዩአቸው ትንንሽ ጽሑፎች በላቡ ከጠፉ ሰንብተዋል።

ናዒማ ፊቱን አይታ አዘነችለት። «በቃ፣ ውሸታም ማሽን ነው። አንተ ምን ታደርግ?»

«ከእንዲህ ዓይነት ዕቃ ምን ይጠበቃል» አለ ባንቲሁንም።

ማምለጫው ተነጥፎ ቀረበለት። በሌላ ቀን ቢሆን ተረማምዶበት መሣሪያዋን እስከ ሠራት ፋብሪካ ድረስ ይራገም ነበር።

«አልዋሸችም» አለ። «ክዳኖቹን አቀያይሬ የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

ናዒማ አንጓዋን ዳበሰች። «የዚያን ጊዜውስ ምስማር?»

«ምስማር አልነበረም። ጎማውን ካየሁት ወር አልፎኝ ነበር።»

ታክሲ መጣ። ናዒማ እጇን አላነሣችም፤ ታክሲው አለፈ።

ባንቲሁን ጠግኖ ገጠመ፤ ከፊተኛው ትርፉን ነፋስ አስወጣ። ሙሚን ክዳኖቹን አዘዋወረ። ማሳያዋ ከላይ ሃያ ዘጠኝ፣ ከታች ሠላሳ ሦስት ጽፋ ጸጥ አለች። ናዒማ ቁጥሩን አላየችም። ቁጢጥ ብላ በግራ አውራ ጣቷ ኋለኛውን፣ ቀጥሎ ፊተኛውን ተጫነች።

«እንዲህ ሲሆን ደህና ነው ማለት ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ሙሚን እስከ መግሪብ ሶላት የሚዘልቅ መልስ ነበረው። አጠገቧ ቁጢጥ አለና ጣቱን ከጣቷ ጎን አሳረፈ።

«አላውቅም» አለ። ቀና ብሎም ተጣራ፦ «ባንቲሁን፣ እስቲ ና፤ ለሁለታችንም አሳየን።»