የእህቴ ነጥብ

ፎቶ ቤቴ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። «አናቀላም፣ አናቀጥንም፣ ከዕድሜ ላይ አንቀንስም» ይላል። አንዳንዱ አንብቦ ስቆ ይገባል፣ አንዳንዱ አንብቦ ስቆ ይመለሳል። የሚመለሰውን አልጠራውም።

አሠራሬ ቀላል ነው። ሰውየውን መስኮቱ ጎን አስቀምጠዋለሁ፣ ነጩን መጋረጃ እስከ ግማሽ እስባለሁ፣ በአንዲት ሌንስ ያለ ፍላሽ አነሳለሁ። «ፈገግ በል» ብዬ አልነዘንዝም፤ ፈገግታ ከመጣ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ብርሃኑን አስተካክላለሁ፣ ጠርዙን እቆርጣለሁ፣ አትማለሁ። አለቀ። ቡግር የጥቂት ቀን እንግዳ ቢሆንም ይቆያል። መጨማደድንም ባለቤቱ የለፋበት ነውና አልነካውም።

ደንበኞች በዚህ ነገር ደሜን ያፈሉታል። አንዷ ሙሽራ የታተመላትን ይዛ መጥታ «እንዲህማ ከሆነ ቤቴ ቁጭ ብዬ በመስታወት አየው ነበር እኮ» አለችኝ። «መስታወትሽን ማን ከለከለሽ?» አልኳት። ጎረቤቴ ያለው ልብስ ሰፊ ይህን ሰምቶ «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ አፍሽ ገበያ ማግኘትሽ ይገርመኛል» ይለኛል። እኔንም ይገርመኛል።

ሰው ይህን አመሌን ወይ ትዕቢት ይለዋል፣ ወይ የሙያ ክብር። ሁለቱም አይደለም። ፎቶ ላይ ነገር መጨመር የምጠላበት ምክንያት ከእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እህት ነበረችኝ። በቤታችን እሷ ትልቋ ትባላለች፣ እኔ ትንሿ። የምትበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው። መልካችን ቁርጥ አንድ ስለነበር ዘመድ ሁሉ አንዷን በሌላዋ ስም ይጠራ ነበር። የሚለየን በግራ ጉንጯ ላይ የነበረች፣ ማርያም ስማት ነው የሚባልላት፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ትኩሳት ያዛትና ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ወሰዳት። እናቴ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ቤቱ ግን ጭጭ አለ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲው ነበር የሚገባው።

እኔም ዘጠኝ ሲሞላኝ እናቴ የትልቋን ሰማያዊ ቀሚስ ከሻንጣ አውጥታ አለበሰችኝ። ልክ መጣልኝ። እጄን ይዛ ከሰፈራችን ራቅ ብሎ ወዳለው ፎቶ አንሺ ወሰደችኝ። ከማንሳቱ በፊት «ፍላሽ መጣ!» ብሎ ስለሚጮህ ልጅ ሁሉ ጋሼ ፍላሽ ይለው ነበር። እህቴን አንስቷት ያውቃል፤ መሞቷን ግን አልሰማም። ቀሚሱን አየ፣ ፊቴን አየ፣ አነሳኝ። ፎቶውን አጥቦ ሲያወጣው ነጥቧ የለችም። የፍላሹ ብርሃን በልቷት ነው ብሎ ደነገጠ። ለሥራው የሚጨነቅ ሰው ነበርና፣ ደንበኛው ሳይቆጣ በፊት ብሎ በቀጭን ብሩሽ ነጥቧን ጉንጬ ላይ አኖራት።

ፎቶውን ልንቀበል የሄድን ቀን «ነጥቧ ጠፍታብኝ ነበር፣ ይኸው አስተካክያታለሁ» አላት። እናቴ ፎቶውን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጋ አየችው። አየችው፣ አየችውና ሳቀች። እህቴ ከሞተች ጀምሮ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰውየውን አላረመችውም። እናቴ ስትስቅ እኔ ምን ብዬ ልናገር?

በየዓመቱ መሄድ ጀመርን። እኔ አድጋለሁ፣ ግድግዳው ላይ ግን የምታድገው ትልቋ ናት። ጡት ስታወጣ፣ ጸጉሯን ስትቆረጥ፣ ትምህርት ስትጨርስ፣ ሁሉም ተሰቅሏል። ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ እናቴ ቤት ውስጥ ያለ ነጥቧ የተሰቀለ አንድም ፎቶ የለኝም። እንግዳ መጥቶ «ትንሿስ የታለች?» ብሎ ሲጠይቅ «እሷ ፎቶ አትወድም» ትላለች። እኔ ደግሞ እዚያው ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ።

ትምህርት ከጨረስኩ በኋላ አንድ ቀን ብቻዬን ሄጄ ለጋሼ ፍላሽ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ እሷ መስለሽኝ ነው፣ ልጄ» አለ፤ ደጋግሞ ይህንኑ አለ። ከዚያ በኋላ እናቴ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ብሩሹን አላነሳም አላት። እሷም ተቀየመችውና እግሯን ከቤቱ ነቀለች። እኔ ግን ሄድኩ። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። «ያለውን አንሺ፣ የሌለውን ተይ» ይለኝ ነበር፣ ሌላ ትምህርትም አልነበረውም።

አሁን አባቴም ጋሼ ፍላሽም የሉም። እናቴ አለች፣ ልቧ ግን ደክሟል። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ «አታድክሟት፣ የምትፈልገውን አድርጉላት» አለኝ። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም ያውቃል። አንዳንዴም ነገር ይቀላቀልባታል፤ ጠዋት የነገረችኝን ከሰዓት እንደ አዲስ ትነግረኛለች፣ አባቴ ለምን እንዳመሸ ትጠይቀኛለች።

ባለፈው ደወለችልኝ። «ካሜራሽን ይዘሽ ነይ። ከልጄ ጋር አንድ ፎቶ እፈልጋለሁ።»

«ከልጅሽ ጋር?»

«አዎ፣ ከልጄ ጋር። ምነው፣ አትችይም?»

ሱቄን ዘጋሁ። ልብስ ሰፊው «ምን ተገኘ?» ሲለኝ «እናቴ ከእኔ ጋር ፎቶ መነሳት ፈልጋ» አልኩት። ድምፄ ውስጥ የነበረው ደስታ እኔኑ አሳፈረኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ እኔን እያየች የምትታይበት አንድ ፎቶ። አንድ ብቻ። እሱን ካገኘሁ ግድግዳውን ሁሉ ለትልቋ ምርቃት አድርጌ እተውላታለሁ።

እናቴ ሹራቧን ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን የመድኃኒት ጠርሙሶች ወደ ጎን ገፋሁ፣ መጋረጃውን እስከ ግማሽ ሳብኩ፣ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አሰርኩ። ከደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲያነሳ ሞልቼው አጠገቧ ልቀመጥ ስል «ቆይ» አለችኝ።

ከትራሷ ሥር የኩል እርሳስ አወጣች።

«እማ፣ ምንድነው?»

«አንቺ በኮምፒውተር አልነካም ትያለሽ፣ ጸባይሽን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እኔው ልሥራልሽ። ነይ፣ ወደ ብርሃኑ ዙሪ።»

አገጬን ያዘችው። የእናቴ እጅ ፊቴ ላይ መቼ እንዳረፈ አላስታውስም። ጣቶቿ ሞቃት ናቸው። ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። «እኔ ትንሿ ነኝ፣ አሁንስ በቃኝ» ብዬ መጮህም እችል ነበር፤ ይህንን ጩኸት ስንት ዓመት አዘጋጅቼዋለሁ። እጇን እንዳታነሳ ፈርቼ ትንፋሼን እንኳ ዋጥኩ። እርሳሱን በምላሷ አረጠበችና ግራ ጉንጬ ላይ ነጥብ አኖረች። ትንሽ ራቅ ብላ አየችው። በአውራ ጣቷ ዳሩን አስተካከለች።

«ይኸው» አለች።

ካሜራው ሲያነሳን እሷ ወደ ሌንሱ አልዞረችም። እኔን ነበር የምታየው።

ወደ ፎቶ ቤቴ ተመለስኩና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሲያዩት ከሠራኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ብርሃኑ ከጎን ገብቶ የእናቴን ግንባር ነክቷል፣ ሹራቧ ላይ የወጣው ክር ሳይቀር ይታያል፣ እጇ ገና ከአገጬ ሥር አልወረደም። ዓይኗ ደግሞ እንዴት ብዬ ልናገር? እናት ልጇን ታያለች። እንዲህ እንድታየኝ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

ብርሃኑን አስተካከልኩ። ጠርዙን ቆረጥኩ። እዚህ ላይ ነው ሥራዬ የሚያበቃው። እጄ ግን አላቆመም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ፊት ላይ ነገር አጠፋሁ፣ ያውም ከራሴ ፊት ላይ። አንድ ጊዜ ጠቅ ሳደርግ ነጥቧ ሄደች። ኩሉ ገና ጉንጬ ላይ ነበር፣ ፎቶው ላይ ግን የለም። እኔና እናቴ ቀረን።

ደስ ሊለኝ ነበር። ጠጋ ብዬ አየሁት። የእናቴ ዓይን የሚያየው ዓይኔን አይደለም፣ ጉንጬን ነው። ነጥቧ የነበረችበትን ቦታ። ያ ሁሉ ፍቅር ምንም በሌለበት ባዶ ቆዳ ላይ ፈሷል። የቀረሁት እኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ እኔን ደግሞ የሚያየኝ ሰው የለም። ዴስኩ ላይ ተደፍቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። በር የከፈተ ደንበኛ ነበር፣ አይቶኝ ቀስ ብሎ ዘጋው።

ሲወጣልኝ ነጥቧን መለስኳት። ያለውን አንሺ፣ የሌለውን ተይ። አተምኩት።

በማግስቱ ይዤላት ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። በጣቷ የፎቶውን ጉንጭ ዳሰሰች።

«አየሻት ትልቋን?» አለችኝ። «እንዴት እንዳማረባት! ሴት ወይዘሮ ሆናለች እኮ።»

«አምሮባታል፣ እማ።»

ብዙ አየችው። ደጋግማ ሳመችው። ቀና ስትል እኔን አየችኝ፣ እውነቴን ነው፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ፊቷም በሐዘኔታ ቅጭም አለ።

«አንቺስ የኔ ልጅ? ምነው አብረሽን ሳትነሺ ቀረሽ?»

መድኃኒቶቿን ወደ ቦታቸው የምመልስ መስዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«እኔማ አንሺዋ ነበርኩ፣ እማ» አልኳት።

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች፤ ፎቶውን ደረቷ ላይ አድርጋ ትራሱ ላይ ተደገፈች። «አይዞሽ፣ አንቺንም ሌላ ቀን።»