ለስንት ሰው ነው?

አባቴ ትርፍ ሳይተው ጨርቅ ቆርጦ አያውቅም። ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ ሲሰፋ ከእግሩ በታች አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ያጥፋል፤ ወገቡ ላይም እንዲሁ ይተዋል። “ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል” ይላል። እማዬ ደግሞ የሂሳብ መምህርት ነበረች፤ ትርፍ የሚባል ነገር ያበሳጫታል። ምግብ ስትሠራ እንኳ ለተቆጠረ ሰው ነው፤ ድንገት እንግዳ ከመጣ ጦሟን የምታድረው እሷ ናት። እኔ በሁለቱ መሀል ስላደግኩ ነው መሰለኝ ነገር ቶሎ ያናድደኛል።

የውሃ ማሞቂያችን የተበላሸው እማዬ ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ነው። ሆዱ ዝጎ ተበሳና መታጠቢያ ቤቱን አጥለቀለቀው። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ከታች ወደ ላይ አየው፣ በመፍቻው ኳ ኳ አደረገውና “ይሄማ በቃው፤ ሌላ ግዙ” አለ። ቆሽቴ አረረ። ያን ሁሉ ዘመን ሲሠራ ኖሮ፣ ካልጠፋ ጊዜ አሁን!

አሁን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪሙ እኔንና አባቴን ወደ ኮሪደር ጠርቶ “ወደ ቤት ውሰዷት፤ የምትወደውን አድርጉላት” ብሎን ነበር። ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው ሰው የለም። እዚያው ግድግዳውን ተደግፈን ለእሷ ላለመንገር ተስማማን። ልቧ ይሰበራል አለ አባቴ፤ እኔም ልክ ነህ አልኩት። ፊታችንን ጠራርገን ገባንና ጨጓራ ነው፣ መድኃኒቱን ስትጨርሺ ይሻልሻል አልናት። እሺ አለች። እማዬ ያለ ማስረጃ እሺ ብላ የማታውቅ ሴት ናት፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብን።

የምትወደው ደግሞ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ሙቅ ውሃ ነው። በሽታው ሥጋዋን ሁሉ ጨርሶት ብርድ አጥንቷ ድረስ ይገባል። ሻወሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋ ላይ ሙቅ ውሃ ሲወርድባት ብቻ ነው ፊቷ የሚፈታው። ማሞቂያው ከሞተ ወዲህ በድስት እያፈላን በባልዲ ብናመላልስም፣ ቀዝቃዛ ስንቀላቅልበት፣ ከኩሽና እስክናደርሰው፣ ለብ ብሎ ይቀራል። ቶሎ መግዛት ነበረብን።

ሱቁ ውስጥ ማሞቂያዎቹ በመጠናቸው ተደርድረው ቆመዋል። ሻጩ ወፍራም፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰውዬ ነው።

“ለስንት ሰው ነው አባባ?” አለ።

አባቴ ወደ ጣሪያው አየ። “ለአራት።”

“ለአራት ሰው ሰማንያ ሊትር ይሁንልዎት። ለሁለት ሰው ሃምሳው ይበቃል። ይቺ ሠላሳዋ...” አለና ትንሿን እንደ ሕፃን ጀርባ መታ መታ አደረጋት፣ “ይቺ የብቸኛ ሰው ናት። ወንደላጤ ነው የሚወስዳት!”

ሳቀ። ምን ያውቃል? አባቴ ግን ፊቱን ከትንሿ ማሞቂያ አዞረ፤ የሚያስጠላ ነገር ያየ ይመስል ነበር።

“አባዬ፣ አራት ከየት መጣ?” አልኩት ወደ ጆሮው ተጠግቼ። “እኔ እንደሁ ወደ ቤቴ መመለሴ ነው። ሃምሳው ይበቃል።”

“አይበቃም። እሷ ስትድን ልጆቿ ሁሉ እየመጡ ያድራሉ። ያኔ ውሃ አነሰ ልንል ነው?”

ስትድን ይላል! ያውም ለኔ፤ አብሬው ኮሪደር ላይ ለቆምኩት። ማንን ነው የሚሸነግለው ብዬ ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ጣቶቹን አየኋቸው፤ የሰማንያውን ጠርዝ እንደ ጨርቅ ይለካሉ። አንጀቴን በላው። ደግሞስ የኔው ሃምሳ ከየት መጣ? ሃምሳም ቢሆን ሁለት ሰው ማለት ነው። ሠላሳ የሚል ቃል ከማናችንም አፍ ሊወጣ አልቻለም።

ሰማንያውን በኪራይ ፒክአፕ ጭነን መጣን። ካርቶኑን እየገፋን ሳሎን ስናስገባው እማዬ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች።

“ስንት ሊትር ነው?” አለች።

“ሰማንያ!” አለ አባቴ፤ ደስ ብሎት ነበር።

“ለስንት ሰው?”

“ለእኛ ነዋ።”

“እኛ ስንት ነን?”

ድምፅዋን አወቅኩት። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ተማሪ የምትጠይቅበት ድምፅ ነው፤ ቁጣ የለበትም፣ መልሱን ሳይሰማ ግን አይለቅም።

“እንግዲህ እኔ፣ አንቺ፣ ልጅቷ፣ ልጁም ከመጣ...”

“ልጅቷ ባሏ ይጠብቃታል። ልጁ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ቢመጣም ታጥቦ ነው የሚመጣው። ስንት ቀረ?”

“ሁለት።”

“ደግመህ ቁጠር።”

አባቴ እጁን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ። እኔ መሀል ገብቼ ምናምን ልቀባጥር ስል በእጇ አስቆመችኝ።

“ደግመህ ቁጠር” አለችው እንደገና።

“አንድ” አለ አባቴ። ከዚያ ካርቶኑን ተደግፎ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።

“ጎበዝ” አለችው። “በል ይሄን መልስና ሠላሳውን አምጣ። ለአንድ ሰው ሰማንያ ሊትር ሲያፈሉ መዋል ምን የሚሉት ነው? እሱ እስኪሞቅ ስትጠብቅ ደግሞ ብርድ ይመታሃል።”

“እማዬ ምን ማለትሽ ነው? ሐኪሙ እኮ ጨጓራ...”

“አንቺ ደግሞ ዝም በይ! ጨጓራዬን ከእናንተ በፊት አውቀዋለሁ። ያን ቀን ከኮሪደር ስትመለሱ ሁለታችሁም ፈገግ ብላችሁ ነበር። የአባትሽን ጥርስ ሳየው እኮ ከሠርጋችን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው!”

“ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽ?”

“ልቤ እንዳይሰበር ስትለፉ አሳዘናችሁኝ” አለች። “ምን ላድርግ?”

ወደ ኩሽና ሮጬ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ እንዳይሰማ ነው። ለካ እኛ ስንደብቃት እሷም መደበቃችንን ስትደብቅልን ነው የከረመችው። በዚያች ጠባብ ቤት ሦስት ሰው አልቃሽ ሆኖ፣ ሦስቱም ለየብቻ!

በማግስቱ ሰማንያውን መልሰን ወሰድን። ሻጩ ገና ከሩቅ አይቶን “ምነው አባባ፣ አነሰብዎት እንዴ?” አለ።

“በዛ” አለ አባቴ።

ሰውዬው አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ የጀመረውን ሳቅ ዋጠው። ሠላሳዋን ራሱ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነልን።

ቧንቧ ሠራተኛው ሰቅሎ እንደጨረሰ፣ እናትሽን እኔ ነኝ የማጥባት ብሎ አባቴ ድርቅ አለ። ገቡ። ውሃው ሲወርድ፣ እማዬ “እፎይ” ስትል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ጩኸት መጣ። ፀጉሯ ሳሙና እንደሆነ ውሃው ቀዝቅዟል! ፎጣና ብርድ ልብስ ይዤ ደረስኩ። በርጩማዋ ላይ ተጠቅልላ፣ አረፋው ግንባሯ ላይ እየወረደ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ትስቃለች።

“ሂሳቤ ተሳሳተ” አለች። “ራሴን ሳልቆጥር ቀረሁ።”

አባቴ ፈገግ ማለት አቅቶት የማሞቂያዋን ቀይ መብራት ያያል፤ መብራቷ ስትጠፋ ነው ውሃው ሞቀ ማለት። እስክትጠፋ ድረስ እማዬ አጠገብ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ስትታጠብ ሁልጊዜ መሀል ላይ መጠበቅ ነበር። ሃምሳው ይምጣላት ብዬ ነበር፤ ሁለቱም ተይ አሉኝ። እየቆየ ገባኝ። አባቴ ሲሰፋም አያወራም፣ ሲበላም አያወራም፤ ባልዲው ላይ ተቀምጦ ያቺን መብራት ሲጠብቅ ግን ያወራል። በሩ ገርበብ ስለሚል ኩሽና ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ሽንኩርት እንዴት እንደሚቁላላ ታስተምረዋለች። የክረምት ልብሱ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ትነግረዋለች። አንድ ጊዜ “ካገባህ ሂሳብ የማትችል አግባ፤ ታርፋለህ” ስትለው፣ “አርፈሽ ተቀመጪ፣ ዓይንሽ ውስጥ ሳሙና ይገባል” አላት።

አንድ ቀን ደግሞ “እፈራለሁ” አለች።

“ምኑን?”

“እንጃ። ብርዱን።”

ባልዲው ወደ እሷ ሲጎተት ሰማሁ። “እኔም እፈራለሁ” አላት አባቴ። እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሰማንያው ቢሆን ኖሮ ታጥባ ትወጣ ነበር፤ ይህን ማን ይነግረው ነበር?

ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። ወንድሜ መጥቶ ሰነበተና ሄደ፤ እኔም ባሌ ጋ ተመለስኩ። አባቴን “ና እኛ ጋ ኑር” ብንለው “ማሞቂያ አለኝ” አለ።

አንድ ጠዋት ሳልነግረው መጣሁና በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። መታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አባቴ ፎጣ አገልድሞ፣ አሮጌ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የተደፋው ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሳሙና ነው። ትይዩው የእማዬ በርጩማ ባዶውን ተቀምጧል።

“አባዬ! ውሃው አለቀብህ እንዴ?”

“አላለቀም።”

ቀና ብዬ አየሁ፤ ቀይዋ መብራት ጠፍታለች። ቧንቧውን ብከፍተው እጄን አቃጠለኝ።

“ሞቋል እኮ! ምን ትጠብቃለህ?”

ግንባሩ ላይ የወረደውን አረፋ በመዳፉ ጠረገ፤ በርጩማውን እንጂ እኔን አላየም።

“ሂሳቧ ልክ ነበር” አለ። “ለአንድ ሰው ይተርፋል።”