አርባ አንደኛው ችካል

እነዚህ ሰዎች ችካል የሚተክሉት እስከ የት ድረስ ነው?

እማማ ዘርፉ ይህን ያልጠየቁት ሰው አልነበረም። የጣቢያውን ዘበኛ ጠየቁ፤ «እስከ ዝዋይ ነው» አላቸው። ከአርሲ ቅቤ ይዘው የሚወጡትን ነጋዴዎች ጠየቁ፤ እነሱ ደግሞ «የለም፣ ላንጋኖን በጎን ትቶ ሻሸመኔ ነው የሚገባው» አሉ። መሪጌታውን ሲጠይቁ ጊዜ እሳቸው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ምድር እስካለ ድረስ ነዋ» ብለው አረፉት። ከዚያ ቀን ወዲያ እማማ ዘርፉን እህል አልዋጥ አላቸው። ምድር መቼም ብዙ ነው። ምድር ባለበት ሁሉ ችካል ከተተከለ፣ ተካዩ መርዳሳ ነው። መርዳሳ ደግሞ የቀራቸው አንድ የልጅ ልጅ ነው።

ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ወርኀ ኅዳር ነበር። የያን ጊዜዋን አዳማ የዛሬ ሰው ቢያያት አያውቃትም። ጣቢያው፣ ባቡሩ ውሃ የሚጠጣበት ትልቁ ጋን፣ የግሪኩ ሱቅ፣ አምስት ስድስት ቆርቆሮ ቤት፤ ሌላው ሁሉ ጎጆና ግራር ነው። ባቡር በሚመጣበት ቀን አገሩ ሁሉ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ጣቢያ ይወርዳል። የሚቀበለው ዘመድ ኖሮት አይደለም፤ እንዲያው ባቡሩን ራሱን እንኳን ደህና መጣህ ለማለት ነው። ሲሄድም ጭሱ ከኮረብታው ጀርባ እስኪጠፋ ቆሞ ይሸኘዋል፣ ከዚያ እያወራ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያ ወግ አሁን የት አለ።

በዚያ ዘመን ነው እንግዲህ፣ ከዋናው ሐዲድ ተገንጥሎ ወደ ሐይቆቹ አገር የሚወርድ አዲስ መስመር ሊሠራ ነው ተብሎ ቀያሾች የመጡት። መስመሩ በኋላ ሳይሠራ ቀረ፤ ችካሎቹንም ምስጥ በላቸው። ያን ጊዜ ግን ይቀራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቀያሾቹን የሚመራው ሁሉም «ሙሴው» የሚለው አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ሦስት እግር ባለው መነጽር አሻግሮ እያየ እጁን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያወዛውዛል። አፉ የሆነለት አብዱናሲር የሚባል ወሎዬ ነው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አቀላጥፎ ያስተረጉማል። መርዳሳ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዞ ከፊት ይሄዳል። ሙሴው እጁን ሲያወርድ፣ ዘንጉ በቆመበት ችካል ይመታል።

ሥራው ገና ከከተማው አልራቀም ነበርና መርዳሳ ለምሳ ቤት ይመጣል።

«አኮ፣ ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ደረስን» ይላል። አያቱን የሚጠራቸው በኦሮምኛ «አኮ» እያለ ነበር።

«ውሃ ጠጣህ?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ከቅሉ ነው ወይስ ከወንዙ?»

«ከቅሉ ነው። ሙሴውም እንደ እርስዎ ነው፤ ካልፈላ ውሃ አይጠጣም፣ ሌላውንም አያስጠጣም። ብትጋቡ ያምርባችኋል።»

«ዝም በል፣ ባለጌ» ይሉታል። ፊታቸውን ወደ ምድጃው የሚያዞሩት ሳቃቸውን እንዳያይ ነው።

የእማማ ዘርፉ ስጋት እንዲያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ከዚያ በፊት በአሥራ አምስት ዓመት፣ ዋናው ሐዲድ ከአዋሽ እየተነጠፈ ሲመጣ፣ የሠራተኛው ሰፈር ከቤታቸው ጓሮ ነበር ያረፈው። ልጃቸው ሰንበታ፣ የመርዳሳ አባት፣ ሐዲድ ተሸካሚ ሆኖ ገባ። አንዱን ሐዲድ ሃያ ሰው ያነሣዋል። ሃያ ሰው እኩል እንዲራመድ ደግሞ አንድ ሰው ይዘፍናል፣ የቀረው እየተቀበለ እግሩን ያነሣል። ዘፋኙ ሰንበታ ነበር። እማማ ዘርፉ ለሠራተኛው ዳቦ ሲጋግሩ ድምፁ እቤት ድረስ ይመጣል፤ ዜማው ካማረ ሥራው ቀንቷል፣ ከተቆራረጠ ሐዲዱ ከብዷል ማለት ነው። እሳቸውም ሳያውቁት ሊጣቸውን የሚያቦኩት በእሱ ዜማ ነበር። ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ቋንቋ፣ ያን ያህል ሳቅ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጓሮ አልተሰማም።

ሰንበታ ሲደክመው ከቤቱ በስተጀርባ ካለው ግራር ሥር ያርፋል። የውሃ ቅሉን የሚሰቅልበት ቢያጣ፣ አንድ የሐዲድ ቡሎን ከግንዱ ላይ በመዶሻ መታ። ከዚያ ሥራው ወደ ላይ፣ ወደ ሞጆ ሲገፋ አብሮ ሄደ። ቅሉን ጓደኞቹ ሰደዱላቸው፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ዱከም ላይ የወንዝ ውሃ ጠጥቶ ተስቦ ያዘው፤ ከሐዲዱ ጥግ ቀበሩት። መቃብሩን እማማ ዘርፉ አላዩትም። ከቅሉ ሌላ የቀራቸው ያ ቡሎን ነው፤ ግራሩ በዓመታት ብዛት ልጡን አልብሶት ጫፉ ብቻ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ወጥተው ጣታቸውን ያሳርፉበታል።

አርባ አንደኛው ችካል የተተከለው ከዚያ ግራር በሦስት እርምጃ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ግራር ይቆረጣል እንዴ?» አሉ እማማ ዘርፉ በምሳ ሰዓት።

መርዳሳ ጉርሻውን አዘገየ። «እኔ ዘንግ ያዥ ነኝ፣ አኮ። የሚያውቀው ሙሴው ነው።»

«እንግዲያ ጠይቀዋ።»

«ዘንግ ያዥ ይጠይቃል?» አለና ዓይኑን ወደ ጓሮው ጣለ። ቡሎኑን እሱም ያውቀዋል።

እማማ ዘርፉ ስለ ልኬት የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ መሬት በጠፍር የሚለካበትን ቀላድ። ልጅ ሳሉ፣ አድአ ውስጥ፣ በአባታቸው መሬት ላይ ቀላድ ተጥሏል። ለኪዎቹ ጠፍራቸውን አንጥፈው፣ ችካላቸውን ተክለው ጠላ ሊጠጡ ሲገቡ፣ አባትዬው ችካሉን ነቅለው ከአውድማው ወዲያ አሻገሩት። ቀላዱ ሲመለስ ችካሉን ተከትሎ ሄደ፤ አውድማውም ተረፈ። እማማ ዘርፉ ፊደል የቆጠሩ፣ ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው፤ ወሰን መግፋት ኃጢአት መሆኑን አያጡትም። ግን ይህ የማንም ድንበር አይደለም፤ የባቡር ችካል ነው። ባቡርስ አሥራ ሁለት እርምጃ ዞር ብሎ ቢሄድ ምን ይጎድልበታል?

ቅዳሜ መርዳሳ ምሳውን በልቶ ከሄደ በኋላ፣ ቀያሾቹ ድንኳናቸው ውስጥ ሲያርፉ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወጡ። ችካሉን አወዛውዘው አወዛውዘው ነቀሉት፤ አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ቁጥቋጦው ቆጠሩና በመጥረቢያ ጀርባ መቱት። ከላዩ የተጻፈው ቁጥር የፈረንጅ ነው፤ ፊቱ ወደ የት ይዙር? አላወቁም። ወደ ፀሐይ አዞሩት። አማትበው ገቡ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ መርዳሳ ዘንጉን ሳይዝ መጣ።

«ምነው በዚህ ሰዓት? አመመህ?»

«ተሰናበትኩ።»

«በምን ምክንያት?»

«ችካል አጣምመሃል ተብዬ ነው» አለና መደቡ ላይ ተቀመጠ።

የእማማ ዘርፉ ልብ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ ደነገጠ፤ ግማሹ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸው፣ ደስ አለው። ልጁ ቤቱ ሊቀር ነው። ዝዋይ አይሄድም፣ ወባ አይዘውም፣ ከመንገድ ዳር አይቀበርም። ስለዚህ ማን እንዳጣመመው ሳይናገሩ ዋሉ። በማግሥቱም እንዲሁ።

ሙሴውና ሰዎቹ ድንኳናቸውን ጠቅልለው ወደ ቆቃ ወረዱ። መርዳሳ አጥሩን አደሰ፣ የበሩን ማጠፊያ አጠበቀ፣ ከዚያ የሚሠራውን አጣ። ባቡር የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ጣቢያ አልወረደም። ጨጨብሳ ሠሩለት፤ ሁለት ጎርሶ ሳህኑን ገፋ። ስለ ሙሴው መቀለዱን ተወ። ውሃ ጠጣህ ሲሉት «ጠጥቻለሁ» ብቻ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እማማ ዘርፉ ሊጥ ሲያቦኩ ቀና ብለው አዩት፤ ወደ ደቡብ ዓይኑን ተክሎ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ገባቸው። ልጁ ቤት ውስጥ አለ፤ ድምፁ ግን የለም። የልጃቸው ድምፅ ከዚያ ጓሮ የጠፋው በሞት ነበር። የዚህን ግን በእጃቸው ነው ያጠፉት።

እጃቸውን ታጥበው ነጠላቸውን ጣል አደረጉና ወደ ጣቢያው ወረዱ። አብዱናሲር ከባቡር የወረደ ዕቃ ሊጭን ከቆቃ መምጣቱን ሰምተው ነበር። ከበቅሎዎቹ መሐል አገኙት።

«አብዱናሲር ልጄ፣ ያን ችካል ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

አብዱናሲር የያዘውን ጠፍር አላላ። «አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ማን ነገረህ?»

«መሬቱ ነዋ። የዱላዎ ቀዳዳ ከችካሉ እስከ ደጃፍዎ ተርታውን ተበስቶ ነበር። እኔ ሳየው መርዳሳም አየው። ሙሴው ሳይደርስ በእግሩ አበሰና፣ እኔ ነኝ ያጣመምኩት አለ። እኔም የቤተሰብ ነገር ነው ብዬ አፌን ያዝኩ።»

እማማ ዘርፉ ከአንዱ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። መርዳሳ ለካ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ አብሯቸው ሲበላ እያወቀ ኖሯል።

«ግራሩን ሊቆርጡብኝ ነው ብዬ ነው» አሉ።

«የትኛውን ግራር?»

«ችካሉ አጠገብ ያለውን ነዋ።»

አብዱናሲር አዘነ፣ ፈገግም አለ። «ያ ችካል እኮ መንገዱ አይደለም፣ እማማ። ምስክር ነው። ቁፋሮ ሲጀመር የመሐሉ ችካል ይነቀላል፤ መንገዱ የት እንደነበር የሚናገረው ይህኛው ነው። ስለዚህ ራቅ ተደርጎ ይተከላል። ባቡሩ የሚያልፈው ከዚያ አርባ እርምጃ ወዲያ፣ በሜዳው ላይ ነው። ግራርዎን የሚነካው አልነበረም።»

«ቀላድ እንዲህ አይደለም» አሉ እማማ ዘርፉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

«ቀላድማ ሌላ ነው።»

«ለሙሴው ንገረው። አሮጊቷ ናት በለው፤ ስሜን ጥራ።»

«እነግረዋለሁ። አሁን ቢሰማ ይስቃል እንጂ አይቆጣም።» ጠፍሩን መልሶ አጠበቀና አየት አደረጋቸው። «ግን እማማ፣ ከተመለሰ ከእኛ ጋር እስከ መጨረሻው ነው የሚወርደው። ሻሸመኔ ድረስ።»

«መጨረሻው ሻሸመኔ ነው?»

«ለጊዜው።»

እማማ ዘርፉ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ ነቀሉ፣ እንደገና ተከሉ። «ንገረው» አሉ።

በአራተኛው ቀን ኑሬ የሚባል አህያ ነጂ ከቆቃ መልእክት ይዞ መጣ፤ መርዳሳ ይምጣ፣ ዘንጉ ይጠብቀዋል። መርዳሳ መልእክቱን ሰምቶ ወደ አያቱ ዞረ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ምድጃው ላይ ነበር የተከሉት።

በማግሥቱ ማለዳ ጋቢውን ጠቅልሎ ሲያስር፣ እማማ ዘርፉ አጠገቡ ቆሙ።

«አብዱናሲር ነገረኝ» አሉ። «በእግርህ ያበስከውን።»

እሱ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጠፍር ያስር ነበር።

«ችካሉም ምስክር ነው እንጂ መንገዱ አይደለም አለኝ። ግራሩን የሚነካው አልነበረም። አንተን ግን...» የሰንበታን ቅል አንሥተው ዘረጉለት።

መርዳሳ ቅሉን ተቀበለ። የቅሉን ሆድ በመዳፉ ሲይዘው ሞቀው፤ ውሃው ገና አሁን የፈላ ነው። ቀና ብሎ አያቸው። ስለ ሙሴው ሊቀልድ ሲል እንደሚያደርገው የከንፈሩ ጥግ ተነሣ። ቅሉን በትከሻው አንግቶ፣ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ጎንበስ ብሎ ሳመ፣ ከዝቅተኛዋ በር ሥር ራሱን ደፍቶ ወጣ።