መርፌውን ማን ይያዝ

ልብስ ሰፊው እንደሚለው ከሆነ ሚስቱ የከሳችው ለሌላ ሰው ስትል ነው። ሽንቅጥ ብላለች፣ ፊቷ ጠይሟል፤ ባሏ አጠገብ ስትሆን ግን ደከመኝ ብላ ትጋደማለች። ሚስቱ እንደምትለው ደግሞ ነገሩ አጭር ነው፦ «አሞኛል።» ምኗን እንዳመማት ሲጠይቃት «እንጃ፣ ሁለመናዬን» ትላለች። ለቀናተኛ ባል «እንጃ» በእሳት ላይ የተበተነ ጭድ ነው።

ቀሚሷን ሁለቴ አጥብቦላታል። ወገቧን በሜትር እየለካ «ለማን ብለሽ ነው እንዲህ የቀጠንሽው?» ይላታል።

«ላንተ ጨርቅ ልቆጥብ ብዬ።»

ድሮ ቢሆን ይስቅ ነበር።

የሚጠረጥረውን ሰው ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። ሱቁ ውስጥ ሦስት ናቸው፦ እሱ የስፌት መኪናው ላይ፣ ሚስቱ በሩ አጠገብ ቁልፍ እየተከለች፣ መስኮቱ ጋ ደግሞ ካውያ የያዘው ተኳሹ። ተኳሹ ጥርሰ ፍንጭትና ጨዋታ አዋቂ ነው። ደንበኞች «ተኳሽ ነኝ ትላለህ፣ ጥይትህ የታለ?» ሲሉት «የኔ ጥይት አይጮኽም» ይላል። እነሱ ይስቃሉ፤ ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል።

ከሁሉ ያንገበገበው ግን ኦቾሎኒው ነበር። ተኳሹ ከምሳ ሲመለስ ጨው የበዛበት ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላታል። በልታ ስትጨርስ ወረቀቱን ትልሳለች። በሰው ፊት! ባሏ የገዛላት ከረሜላ መሳቢያ ውስጥ ቀልጦ ቀርቷል።

«ምን ብታቀምሳት ነው ወረቀት የምትልሰው?» አለው አንድ ቀን።

«ጨው ነዋ፣ ጋሼ። ጨው ካላገኘች ያዞራታል። ለእርስዎ አልነገረችዎትም እንዴ?»

«አልነገረችዎትም» የምትለዋ ቃል እንደ መርፌ ተሰካችበት።

በማግስቱ ሚስቱ ኮት ልታቀብል ከበርጩማዋ ብድግ እንዳለች ወደቀች። ተኳሹ ካውያውን ጥሎ ደገፋት።

«እጅህን አንሳ!»

«አነሳለሁ ጋሼ፣ እርስዎ ይያዟት እንጂ!»

ያዛት። ገበር እንደሌለው ኮት ቀላል ነበረች። ከኋላቸው የደንበኛ ሸሚዝ ካውያው ሥር ይጨስ ነበር።

ሐኪም ቤት ዶክተሯ የደም ግፊቷን አስተኝታ ለካች፣ ቀና አድርጋ ደግሞ ለካች፤ ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ። መዳፏን ገልጣ አየች። የመዳፏ መስመሮች በእስክሪብቶ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ የድሮ የመርፌ ጠባሳዎቿ ሁሉ ጠቁረዋል። ወገቧን ሲለካ የከረመው ባል መዳፏን ገልጦ አላየም ነበር።

«ድዷም ጠቁሯል» አለ ተኳሹ ከኋላ።

«ድዷን ደግሞ የት አየኸው?»

«ስትስቅ ይታያል፣ ጋሼ።»

ባልየው እሱ ፊት መቼ እንደሳቀች ሊያስታውስ ሞከረ። አልመጣለትም።

ዶክተሯ ደም ቀዳች፤ ውጤቱን ሳትጠብቅም ጨውማ ግሉኮስና መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጠቻት። በማግስቱ ታማሚዋ ተቀምጣ «ራበኝ» አለች።

ውጤቱ ሲደርስ ዶክተሯ አስረዳች። «ከኩላሊቶችሽ አናት ላይ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። የሰውነትሽን ጨውና የደም ግፊት የሚጠብቁ ሆርሞኖች የሚመነጩት ከእነሱ ነው። አሁን ነጥፈዋል። ከአንጎል ‹አምርቱ› የሚል ትእዛዝ ይዞ የሚሄድ ሌላ ሆርሞን አለ፤ የሚሰማው ሲያጣ እየበዛ ሄደ። ያጠቆረሽ እሱ ነው።»

«ምን አነጠፋቸው?»

«አንዳንዴ የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ አንቺ ላይ ምልክቱ የለም። ያንቺው ከዘበኛው ነው። በሽታ የሚከላከለው የሰውነት ዘበኛ የገዛ ቤተሰቡን ሌባ ነው ብሎ ይጠረጥርና ይደበድባል።»

ሚስትየው ወደ ባሏ ዞር አለች። «በሽታውን አውቀዋለሁ፣ ዶክተር። እኛ ቤትም አንድ ዘበኛ አለ።»

ተኳሹ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ሆርሞኑን እንዲተካ የታዘዘላት ክኒን የዕድሜ ልክ ነው፤ አንድ ቀንም አይዘለልም። ትኩሳት ከመጣ መጠኑ ይጨመራል። ካስመለሳት ግን ክኒኑ ሆዷ ውስጥ አይቆይም፤ ያኔ መድኃኒቱን ጭኗ ላይ በመርፌ ተወግታ በፍጥነት ሐኪም ቤት መምጣት አለባት። ከዘገየ ትሞታለች።

«አብሯት የሚውል ሰው መውጋት ይማር» አለች ዶክተሯ። «ማን ነው የሚማረው?»

ልብስ ሰፊው ዕድሜውን በመርፌ የኖረ ሰው ነው። ይህ መርፌ ግን ሌላ ነው። ጭኗ ላይ! እሱ ጨርቅ ሊገዛ ሲወጣ ሱቁ ውስጥ የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ይህ ሐሳብ ስንት ጊዜ ከመንገድ መልሶታል! ሚስቱ ታየዋለች። ተኳሹ ወለሉን ያያል።

«ሁለታችንንም ያስተምሩን» አለ ጮክ ብሎ። «ግን እኔ ልቅደም።»